ስለ ሶልደር ጢስ
በቤቱ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሠራ ሰው ራሱንና ቤተ ሰቡን እንዴት እንደሚጠብቅ

የእጅ ሙያ መልካም ነገር ነው። ከትምህርት ቤት ወይም ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ በትርፍ ጊዜው የቆየ ራዲዮ ፈትቶ የሚያድስ፣ የተበላሸ ሞባይል ስልክ የሚጠግን፣ ወይም ከመጽሐፍ ያነበበውን የኤሌክትሮኒክስ ሥራ በእጁ የሚሞክር ሰው አእምሮውን ያሠለጥናል፤ ለነገውም የሚተዳደርበትን ሙያ ያዘጋጃል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ማንንም ከዚህ ሥራ ለማራቅ አይደለም።

ዳሩ ግን የፋብሪካ ሠራተኛና በቤቱ የሚሠራ ሰው የሚለያዩበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። በሚገባ በተደራጀ ፋብሪካ ውስጥ ጢሱን ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሣሪያ፣ የሥራ ደንብና ተቆጣጣሪ ይገኛል። በቤቱ የሚሠራ ሰው ግን ሠራተኛውም ተቆጣጣሪውም ራሱ ነው። ከዚህም በላይ የሚሠራበት ክፍል ብዙ ጊዜ ቤተ ሰቡ የሚበላበት፣ ሕፃናት የሚጫወቱበትና ሌሊት የሚተኛበት ክፍል ነው። እንግዲህ ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የመላው ቤተ ሰብ ስለሆነ፣ ምክንያቱን ጠንቅቆ ማወቅና ጥንቃቄውን ማስለመድ ይገባል።

ጢሱ ከምን ይመጣል?

ብዙ ሰዎች የሶልደር ጢስ ሲባል የእርሳስ ጢስ ይመስላቸዋል። ይህ አስተሳሰብ ትክክል ስላልሆነ፣ መከላከያውንም ያሳስታል። ነገሩን ከሥሩ እንመልከት።

ሶልደር ማለት የኤሌክትሪክ ሽቦንና ጥቃቅን ዕቃዎችን ለማያያዝ የሚቀልጥ ለስላሳ ብረት ነው። ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው ዓይነት ቲን የተባለው ብረትና እርሳስ የተቀላቀሉበት ነው። ከመቶው 63 እጅ ቲን፣ 37 እጅ እርሳስ የሆነው ቅልቅል በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። የመበየጃው ብረት ጫፍ በተለመደው ሥራ ጊዜ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ይሞቃል። እርሳስ ፈልቶ ወደ እንፋሎት የሚለወጠው ግን በ1,749 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህም ምክንያት በእጅ በሚደረግ ብየዳ ጊዜ ወደ አየር የሚወጣው እርሳስ እጅግ ጥቂት ነው።

ታዲያ ከመበየጃው ጫፍ እየተጥመለመለ የሚወጣው ነጭ ጢስ ምንድን ነው? የሶልደር ሽቦ ሲታይ ድፍን ይመስላል እንጂ በመካከሉ እንደ ሸምበቆ ክፍት ነው። በዚያ ክፍት ውስጥ ፍላክስ የተባለው ቅመም ተሞልቷል። የፍላክስ ሥራ በብረቱ ላይ ያለውን ዝገት አጥቦ ሶልደሩ በሚገባ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ብዙው ፍላክስ የሚሠራው ሮዚን ወይም ኮሎፎኒ ከሚባለው፣ ከፈረንጅ ጥድ ሙጫ ተነጥሮ ከሚወጣው ደረቅ ነገር ነው። ትኩሱ ብረት ሲነካው ይህ ሙጫ በከፊል ይተንናል፤ በከፊልም ይቃጠላል። ጢሱ ይኸው ነው። በውስጡም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ የማይበልጡ እጅግ ደቃቅ ብናኞችና እንደ ፎርማልዴሃይድ ያሉ የሚያቃጥሉ ጋዞች ይገኛሉ። ብናኙ ደቃቅ በመሆኑ አፍንጫና ጉሮሮ ሳያስቀሩት እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ድረስ ይዘልቃል።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ጠላቶች እንዳሉ፣ የሚገቡትም በሁለት የተለያዩ በሮች እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ጢሱ የሚገባው በአፍንጫ ሲሆን የሚጎዳውም ሳንባን ነው። እርሳሱ የሚገባው በእጅ በኩል አድርጎ በአፍ ሲሆን የሚጎዳው ደምን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ነው። አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ክፍት የተወ ሰው ራሱን ጠብቋል ለማለት አይቻልም።

ጢሱ የሚያደርሰው ጉዳት

የፍላክስ ጢስ በመጀመሪያ ዐይንን ያስለቅሳል፤ አፍንጫን ያፈሳል፤ ጉሮሮን ይከረክራል፤ ሳልም ያመጣል። ይህን ያህሉ ሥራው ሲቆም የሚያልፍ ስለሆነ ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከባዱ ጉዳት ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው አስም ነው።

የሮዚን ጢስ የአንዳንዱን ሰው ሰውነት ያስቆጣል። ይህ ቁጣ በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም። ሰውየው ለወራት ወይም ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ሊሠራ ይችላል። ሰውነቱ አንድ ጊዜ ከተቆጣ በኋላ ግን ቀድሞ ያልጎዳው ጥቂት ጢስ እንኳ ደረቱን ያፍነዋል፤ ትንፋሹን ያጥረዋል፤ ሲተነፍስም ሲር ሲር የሚል ድምፅ ያሰማዋል። በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች በኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ያደረጉትን ምርመራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ሲያወጡ፣ ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ሥራውን ከተዉ በኋላ እንኳ ሕመሙ እንዳልለቀቃቸው ገልጸዋል። በዚያ አገር የሮዚን ጢስ ከሥራ ለሚመጣ አስም ዋና ዋና ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህም ሠራተኛ በ8 ሰዓት ሥራ ውስጥ የሚተነፍሰው የሮዚን ጢስ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ0.05 ሚሊግራም እንዳይበልጥ በደንብ ተወስኗል። ይህ መጠን በዐይን ለማየት የማይቻል ጥቂት ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ለጥቂት ደቂቃ የሚበይድ ሰው ቀኑን ሙሉ ከሚበይድ የፋብሪካ ሠራተኛ ያነሰ ጢስ እንደሚስብ ግልጽ ነው። ነገር ግን መስኮትና በር በተዘጋበት ጠባብ ክፍል፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አፍንጫውን ከጢሱ በላይ አድርጎ የሚሠራ ሰው የጥቂት ደቂቃው ጢስ በሙሉ ወደ እርሱ ይሄዳል። አስም የነበረበት ሰውና በዚያው ክፍል ውስጥ ያለ ሕፃን ደግሞ ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይጎዳሉ። ሙያውን ለመተዳደሪያ ያሰበ ወጣት ሰውነቱ አንድ ጊዜ በጢሱ ከተቆጣ፣ የሚያጣው ጤናውን ብቻ ሳይሆን የተማረውንም ሙያ ነው።

እርሳስ በእጅና በአፍ ይገባል

እርሳስ ከጢሱ ጋር እምብዛም አይወጣም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ሶልደሩን የዳሰሰ ጣት እርሳስ ይይዛል። ከመበየጃው ጫፍ የሚረግፈው ቅርፊትና ጥቃቅን ጠብታ በጠረጴዛውና በወለሉ ላይ ይቀራል። ሠሪው እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቆርስ፣ ቡና ሲጠጣ ወይም ሲጋራ ሲለኩስ እርሳሱ ወደ ሆዱ ይገባል። አንዳንዶች ሁለቱም እጃቸው ሲያዝ የሶልደሩን ሽቦ በጥርሳቸው የመያዝ ልማድ አላቸው፤ ይህ ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የሕፃናት ነገር ነው። የሚድህ ሕፃን በወለል ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ያደርጋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ሕፃናት በአፍ ከገባው እርሳስ ውስጥ ወደ ሰውነታቸው የሚያሳልፉት ከአዋቂዎች 4 ወይም 5 ጊዜ እጥፍ ይበልጣል፤ ጉዳት አያደርስም ተብሎ የታወቀ የእርሳስ መጠንም የለም። እርሳስ የሕፃኑን አንጎል ዕድገት ስለሚያውክ ትምህርት የመቀበል ችሎታውን ይቀንሳል፤ ይህም በኋላ በመድኃኒት የሚመለስ አይደለም። በነፍሰ ጡር ሴት ሰውነት ውስጥ ያለ እርሳስም ወደ ፅንሱ ያልፋል።

የእርሳስ ብናኝ በመኖሪያ ሰፈር ሲበዛ ምን እንደሚያደርስ በሴኔጋል አገር ታይቷል። በዳካር ከተማ አጠገብ ቲያሮዬ ሱር ሜር በተባለ ሰፈር ሰዎች የመኪና ባትሪ እየሰበሩ እርሳሱን ያወጡ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ወራት ውስጥ በዚያ 18 ሕፃናት ሞቱ። በቤት ጠረጴዛ ላይ የሚደረግ ጥቂት ብየዳ ከዚህ ጋር በመጠን የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም እርሳስ በብናኝ መልክ ከወላጅ ሥራ ወደ ልጅ አፍ የሚሄድበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ሶልደር ለመቆጠብ ብሎ የባትሪ እርሳስ በቤት ወይም በግቢ ማቅለጥ ማንም ሰው ሊያደርገው የማይገባ ነገር ነው። እንዲሁም እርሳስ ባለበት ሶልደር ድስት፣ ማንቆርቆሪያ ወይም ሌላ የምግብና የመጠጥ ዕቃ መድፈን አይገባም።

እርሳስ የሌለበት ሶልደር

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሐምሌ 1 ቀን 2006 ጀምሮ፣ ማለት ከሰኔ 24 ቀን 1998 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ለገበያ በሚቀርቡ በአብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ እርሳስ እንዳይገባ ከልክለዋል። ከዚህም ወዲህ ቲን ከጥቂት ብርና መዳብ ጋር የተቀላቀለበት ሶልደር በሰፊው ይሠራበታል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ይህን ዓይነቱን መምረጥ መልካም ነው።

ነገር ግን እርሳስ የለበትም ተብሎ ጢሱን መናቅ ትልቅ ስሕተት ነው። ይህ ሶልደር የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የመበየጃውን ሙቀት ከፍ ማድረግን ይጠይቃል። ሙቀቱ ሲጨምር ፍላክሱ ይበልጥ ይቃጠላል። እርሳሱ ቀርቷል እንጂ ጢሱ አልቀረም፤ እንዲያውም ሊበዛ ይችላል።

የመከላከያ ዘዴዎች

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ጥንቃቄዎች ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው።

1ኛ፤ ጢሱን ገና ሲወጣ ወደ ውጭ ማስወጣት። ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ይህ ነው። የሥራውን ጠረጴዛ ከመስኮት አጠገብ ማድረግና መስኮቱን መክፈት ያስፈልጋል። በመስኮቱ ላይ አየሩን ወደ ውጭ የሚገፋ ትንሽ ቬንትሌተር ቢቆም ይበልጥ ይረዳል። ከአሮጌ ኮምፒዩተር የወጣ ቬንትሌተርም በካርቶን ሣጥንና በሰፊ ቱቦ አማካይነት ለዚህ ሥራ ሊውል ይችላል። ነገር ግን የመሳቢያው አፍ ከሚበየደው ነገር ከአንድ ስንዝር ባልበለጠ ርቀት፣ የቱቦውም ጫፍ ከመስኮት ውጭ መሆን አለበት። የመሳብ ኃይል በርቀት ፈጥኖ ይደክማል፤ ከመሳቢያው አፍ ስፋት ጋር በሚተካከል ርቀት ላይ እንኳ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳልና። ጢሱም በጎረቤት መስኮት እንዳይገባ መጠንቀቅ የመልካም ጉርብትና ግዴታ ነው።

2ኛ፤ የአየሩን አነፋፈስ ማስተዋል። ነፋሱ ከሠሪው ጀርባ መጥቶ ጢሱን ወደ ሠሪው ፊት የሚያዞር እንዳይሆን፣ ከጎን ገብቶ በሌላው ጎን እንዲወጣ ማድረግ ይሻላል። በክፍሉ ውስጥ አየር የሚያዞር ቬንትሌተር ብቻውን ጢሱን ከፊት ያርቃል እንጂ ከቤት አያስወጣውም።

3ኛ፤ አንገትን አለመድፋት። ትኩስ አየር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከሥራው በላይ ያጎነበሰ ፊት ጢሱን በቀጥታ ይቀበላል። ጥቃቅኑን ነገር ለማየት መጎንበስ የሚያስፈልገው ሰው የሚሠራውን ዕቃ በመያዣ ከፍ አድርጎ፣ በቂ መብራትና ማጉያ መነጽር ይዞ፣ ጥቂት ወደ ጎን ዘወር ብሎ ይሥራ።

4ኛ፤ ሙቀትን መመጠን። ሙቀቱ የሚስተካከል መበየጃ ያለው ሰው ሥራው ከሚጠይቀው በላይ ማሞቅ የለበትም፤ እርሳስ ላለበት ሶልደር ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከመጠን በላይ የጋለ ብረት ጢሱን ያበዛል፤ ዕቃውንም ያበላሻል። ሥራው ሲቋረጥ መበየጃውን ማጥፋት እንጂ በጫፉ ላይ ፍላክስ እየተቃጠለ እንዲቆይ መተው አይገባም።

5ኛ፤ የሽቦ ልባስ በትኩስ ብረት አለማቃጠል። የአንዳንዱ ሽቦ ፕላስቲክ ሲቃጠል ሳንባን የሚልጥ የአሲድ ጋዝ ያወጣል። በትራንስፎርመር ላይ የሚጠቀለለው ቀጭን የመዳብ ሽቦም ብዙ ጊዜ ቀለም በመሰለ ፖሊዩሬቴን የተለበጠ ነው። ይህ ልባስ ሲቃጠል አይሶሳያኔት የተባሉ፣ እነርሱም አስም የሚያመጡ ጋዞች ይወጡበታል። ስለዚህ ልባሱን በምላጭ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ማንሣት ይሻላል።

6ኛ፤ በሥራ ቦታ አለመብላት፣ አለመጠጣትና አለማጨስ። ሥራው ሲፈጸም እጅን በሳሙናና በውሃ፣ ጥፍር ሥር ሳይቀር፣ በሚገባ መታጠብ ያስፈልጋል። የሥራ ልብስ ለብቻው ይቀመጥ፤ ሕፃን ከማቀፍ በፊትም ይውለቅ።

7ኛ፤ ጠረጴዛውንና ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል። በደረቁ መጥረግ ብናኙን ወደ አየር ያስነሣዋል። የረገፈውን ሶልደር ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ሰብስቦ ልጆች ከማይደርሱበት ማስቀመጥ እንጂ ወደ ምድጃ ወይም ወደ ግቢ መጣል አይገባም። የመበየጃው ጫፍ የሚጠረግበት ስፖንጅ የምግብ ዕቃ በሚታጠብበት ቦታ አይታጠብ።

8ኛ፤ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡር ሴቶችን ከሥራው ቦታ ማራቅ። ብየዳው ከተፈጸመ በኋላም ክፍሉ በሚገባ ሳይናፈስ መኝታ መዘርጋት አይገባም። የሚቻል ከሆነ በረንዳ ከመኝታ ክፍል ይመረጣል።

9ኛ፤ የኤሌክትሪክ ኃይል በሌለበት ጊዜ የመዳብ መበየጃ በከሰል ፍም የሚያሞቅ ሰው ምድጃውን ወደ ውጭ ያውጣ። የከሰል ጢስ የማይታይና የማይሸት መርዝ ስላለው፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰውን ሳያስነቃ ይገድላል።

የማይጠቅሙ መከላከያዎች

አፍና አፍንጫን በነጠላ ወይም በመሐረብ መሸፈን የፍላክስን ብናኝ አያስቀርም። እንደ ኤን 95 ያለ በሚገባ የተገጠመ ጭንብል ብናኙን ይቀንሳል፤ ጋዙን ግን አያግድም። ስለዚህ ጭንብል አየር ማናፈሻን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም። በገበያ የሚገኙት ቀጭን የከሰል ስፖንጅ የተገጠመላቸው ትንንሽ የጢስ መሳቢያዎችም ጢሱን ከፊት ያርቃሉ፤ ሽታውንም ይቀንሱታል፤ ደቃቁን ብናኝ ግን አብዛኛውን መልሰው ወደ ክፍሉ ይለቁታል።

ከጢስና ከቀለም ሥራ በኋላ ወተት የጠጣ ሰው ሳንባው ይታጠባል የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ። ወተት መልካም ምግብ ነው፤ በቂ ካልሲየምና በቂ የብረት ንጥረ ነገር ከምግቡ የሚያገኝ ሰውነትም በሆድ የገባውን እርሳስ በመጠኑ አሳንሶ ይቀበላል። ነገር ግን የተጠጣው ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ እንጂ ወደ ሳንባ ስላልሆነ፣ በትንፋሽ የገባውን ጢስ ሊያጥብ አይችልም። ወተቱን ተማምኖ መስኮቱን የሚዘጋ ሰው ራሱን ያታልላል።

ሽታውን ለምጄዋለሁ፣ አሁን አይሰማኝም ማለትም መከላከያ አይደለም። አፍንጫ ሽታን ይለምዳል፤ ሳንባ ግን ጢስን አይለምድም።

ወደ ሐኪም የሚኬድበት ጊዜ

ብየዳ በሠራበት ቀን ማታ ወይም ሌሊት የሚያስለው፣ ደረቱን የሚያፍነው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሥራውን ባቆመባቸው ቀናት ግን የሚሻለው ሰው ብርድ ነው ብሎ ሳይዘናጋ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የሚሠራውንም ሥራ ሳይደብቅ ለሐኪሙ ይንገር። ሐኪሙ የሕመሙን ምክንያት ለማወቅ ይህ ቃል እጅግ ይረዳዋልና። ገና በጊዜው ከጢሱ የራቀ ሰው የመዳን ተስፋው ይበልጣል፤ እየታመመ የሚቀጥል ግን አስሙ ለዘለቄታው ሊቀርበት ይችላል። ሰውነቱ ለሮዚን የተቆጣ ሰው በሌላ ዓይነት ፍላክስ ለመሥራት ቢያስብም፣ ያለ ሐኪም ምክር መጀመር የለበትም፤ ሌላውም ጢስ አለውና።

ሶልደር በቤቱ ለብዙ ጊዜ ሲሠራበት የኖረ፣ ይልቁንም በዚያው ቤት የሚያድጉ ሕፃናት ያሉት ሰው፣ የደም ምርመራ በሚገኝበት ሆስፒታል በደም ውስጥ ያለውን የእርሳስ መጠን ማስመርመር ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ የተገኘበት ሰው እርሳሱ ከየት እንደ መጣ ተመርምሮ ምንጩ እንዲቀርለት መክሯል።

በመጨረሻም የምናሳስበው ይህን ነው። ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ በሁለት ነገር ይጠቃለላል፤ ይኸውም ጢሱን በመስኮት ማስወጣት፣ እርሳሱንም በሳሙና ማስለቀቅ ነው። ሁለቱም በማንኛውም ቤት የሚገኙ ናቸው። ወላጆች ልጆቻቸው ይህን ሙያ ሲጀምሩ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄውንም አብረው ያስጀምሯቸው። በሰፈር የጥገና ሥራ ያላቸውም አጠገባቸው ተቀምጠው ሙያ ለሚማሩ ልጆች ይህን ያስተምሩ። መስኮቱን ከፍቶ፣ እጁን ታጥቦ የሚሠራ ወጣት ሙያውን በጤና እስከ ሽምግልናው ሊሠራበት ይችላል።